ስለ ቴያትር ተማሪዋ ልጅና ስለ ኤዲንብራ የጨዋታ በዓል

በዚህ የቤተሰብ ገጽ ላይ ስለ ሕፃናት ጤንነት፣ ስለ ጓዳ አያያዝና ስለ ትዳር ብዙ ሲጻፍ ኖሯል። ዛሬ የምናቀርብላችሁ ግን ልጅን ወደ ሩቅ አገር ስለ መላክ በአንድ ቤት የተነሣውን ክርክር ነው። ክርክሩ በፍርድ ቤት መዝገብ የተከፈተለት አይደለም፤ እኛም የሰማነው በጸሐፊነታችን ወንበር ላይ ሆነን ሳይሆን፣ በአንድ ጎረቤታችን ቤት ምድጃ ዳር ተቀምጠን ነው። ስማቸውን እንዳንጽፍ ስለ ለመኑን አልጻፍንም፤ የጎረቤላ ሰው ግን ያውቃቸዋል።

ጎረቤላ ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ በቀድሞው የአንኮበር ቤተ መንግሥት አቅራቢያ የሚገኝ የወረዳ ከተማ ነው። ብርዱና ጉሙ የታወቀ ነው። እነዚህ ጎረቤቶቻችን ገብስና ባቄላ አርሰው፣ በጎች አርብተው የሚኖሩ ደኅና ሰዎች ሲሆኑ፣ ከልጆቻቸው አንዲቱ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብታ በዮፍታሔ ንጉሤ የቴያትር ጥበባት ትምህርት ቤት ትማራለች። ስትገባ እናትና አባት የመሰላቸው ቋንቋ ወይም ታሪክ የምታጠና ነበር። ነገሩ ቴያትር መሆኑ የታወቀው በሁለተኛው ዓመት ነው ይባላል።

ባለፈው ሚያዝያ፣ በዳግማይ ትንሣኤ እሑድ፣ ከቅዳሴ ስንመለስ አባትየው በመንገድ ጠበቁን። ከኪሳቸውም በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አውጥተው «ጸሐፊው፣ እባክዎ ይህን ያንብቡልኝ፤ ልጅቱ በስልክ ነግራኝ ነበር፤ ነገር ግን የሰማሁትና የገባኝ አንድ መሆኑን እንጃ» አሉን። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ጥሪ ነው። አምስት የቴያትር ተማሪዎችና አንድ መምህር በነሐሴ ወር ወደ ስኮትላንድ ዋና ከተማ ወደ ኤዲንብራ መጥተው፣ በዚያ የሚደረገውን ታላቅ የቴያትር በዓል ሦስት ሳምንት እንዲመለከቱ፣ ከዚያም መካከል ጥቂት ቀን የራሳቸውን አንድ ሰዓት የሚፈጅ ጨዋታ እንዲያሳዩ ይጋብዛል። ማደሪያውን ጋባዦቹ ይችላሉ፤ ከአውሮፕላኑ ዋጋ የተረፈውን ግን የተማሪው ቤተሰብ ማዋጣት አለበት። ለቪዛውም አባት ወጪውን እንደሚሸፍኑና ልጅቱ ወደ አገሯና ወደ ትምህርቷ እንደምትመለስ የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ይፈለጋል። ይህንኑ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ እንድንጽፍላቸው ነው የፈለጉን።

ደብዳቤ መጻፍ ቀላል ነበር። ወደ ቤታቸው ስንገባ ግን እናትየው ቡናውን እያቀራረቡ «ጋሼ፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፤ እስቲ ይንገሩኝ፤ ልጄን ያሳደግኋት አዝማሪ ልትሆን ነው ወይ?» አሉን። አባትየውም አቀርቅረው ዝም አሉ። ከዚህ በኋላ ብዕራችንን አስቀምጠን ከሁለት ሰዓት የበለጠ ተነጋገርን።

የእናትየው ጭንቀት አንድ ብቻ አልነበረም። የአዝማሪነቱ ነገር ከሁሉ በፊት ቢነሣም፣ ከበስተኋላው ሌላ ነገር ነበረ። ነሐሴ የፍልሰታ ጾም ነው፤ ልጅቱ በፈረንጅ አገር ምን በልታ ትጾማለች? ከሄዱትስ ልጆች መካከል ስንቱ ተመልሷል? ደግሞም ገንዘቡን ለማግኘት አባትየው ከሁለቱ በሬዎቻቸው አንዱን ለመሸጥ አስበው ኖሯል፤ በሬ የጎደለበት ቤት የዘንድሮን ክረምት በምን ያርሳል? ይህን ሁሉ እየተከታተሉ ሲናገሩ፣ እኛ ለየትኛው አስቀድመን እንደምንመልስ ጨነቀን።

እንግዲህ በመጀመሪያ በዓሉ ምን እንደ ሆነ አስረዳናቸው። አንባብያንም ብዙዎቻችሁ ስሙን ሰምታችሁ አሠራሩን ያልመረመራችሁት ትኖራላችሁና፣ ለእናንተም በዚሁ እንናገረዋለን።

የኤዲንብራ በዓል የተጀመረው በነሐሴ ወር 1939 ዓ.ም. ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለቀ ሁለት ዓመት መሆኑ ነው፤ የአውሮፓ ሕዝብ በረኃብና በኀዘን ደክሞ ሳለ፣ በሙዚቃና በቴያትር ሕዝቦችን መልሶ ለማገናኘት ታስቦ የቆመ በዓል ነው። አሳቡን ካመጡት ሰዎች ዋነኛው ሩዶልፍ ቢንግ የተባለው ሰው ራሱ በቪየና ተወልዶ ወደ እንግሊዝ አገር የተሰደደ ነበር። በዚያ በመጀመሪያው ዓመት ታላላቅ የሙዚቃና የቴያትር ማኅበሮች ተጠርተው መጡ። ያልተጠሩ ስምንት የቴያትር ቡድኖች ግን «እኛስ?» ብለው በገዛ ፈቃዳቸው መጡና፣ በበዓሉ ዳር ዳር አዳራሽ እየተከራዩ ይጫወቱ ጀመር። በማግሥቱ ዓመት አንድ ጸሐፊ «የበዓሉ ዘርፍ» እንደ ማለት የሚሆን ስም አወጣላቸው፤ ልብስ ዳሩ ላይ የሚንጠለጠል ዘርፍ አለው አይደለም? እንደዚያው ነው። ዛሬ ዘርፉ ከልብሱ በልጧል። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. በከተማይቱ ልዩ ልዩ ስፍራ የታዩት ጨዋታዎች ቍጥር ከ3,800 የሚበልጥ ነበር። የከተማይቱ ነዋሪ ደግሞ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ነው። በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ቀርቶ፣ ኋላ ተመልሷል።

በዚህ የዘርፍ በዓል «አንተ ግባ፣ አንተ ቅር» ብሎ የሚመርጥ ሸንጎ የለም። መመዝገቢያውን ከፍሎ አዳራሽ ያገኘ ሁሉ ይጫወታል። አዳራሽ የሚባለውም እኛ እንደምናስበው ታላቅ ቴያትር ቤት ብቻ አይደለም፤ የትምህርት ቤት ክፍል፣ የመጠጥ ቤት ሰገነት፣ የምድር ቤት ዋሻ፣ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሁሉ ለአንድ ወር ቴያትር ቤት ይሆናል። በአንድ ክፍል ውስጥ ከጥዋት እስከ እኩለ ሌሊት ስድስት ሰባት ቡድን ይፈራረቃል፤ አንዱ ጨርሶ ዕቃውን አንሥቶ እስኪወጣ፣ ሌላው እስኪገባ የሚሰጠው ጊዜ ከሩብ ሰዓት አያልፍም። ስለዚህ ጨዋታው አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ይፈጃል፣ ተጫዋቹ ጥቂት ይሆናል፣ ዕቃውም በሁለት ሰው የሚነሣ ይሆናል። ብዙዎቹ ቡድኖች ትርፍ አያገኙም፤ ከኪሳቸው ከስረው የሚመለሱ ብዙ ናቸው። ይህንን ለአባትየው ሳንሸሽግ ነገርናቸው።

ተጫዋቾቹም ተመልካች ፍለጋ በአሮጌው ከተማ ዋና ጎዳና ላይ ይወጣሉ። የጨዋታቸውን ልብስ ለብሰው፣ ፊታቸውን ተቀብተው፣ ለመንገደኛው ሁሉ የማስታወቂያ ወረቀት እያደሉ «ኑና እዩን» ይላሉ። አንዳንዱ እዚያው መንገድ ላይ ቍራጭ ጨዋታ ያሳያል። ዝናብም ቢሆን አይቀርም፤ የኤዲንብራ ነሐሴ እንደ ጎረቤላ ነሐሴ ዝናብና ብርድ ያለበት ነውና።

ይህን ስንናገር እናትየው ሳቁና «ታዲያ ይህ ቡሄ አይደለም ወይ?» አሉ። በውነቱ እኛ ይህን ሁሉ ዘመን ስለ ቴያትር ስናነብ ያልመጣልን አሳብ ነው። የእኛ ልጆች በነሐሴ 13 ዋዜማ ጅራፋቸውን እያጮኹ፣ ዱላቸውን መሬት እየመቱ፣ አንዱ እያወጣ ሌላው እየተቀበለ ሆያ ሆዬ እያሉ ከደጅ ደጅ የሚዞሩት፣ ያገሬውንም ሰው በግጥም እያሞገሱ ሙልሙል የሚቀበሉት በዚያው ወር አይደለም? ያወጣጁ ልጅ ግጥሙን እንደ ቤቱ ጌታ ጠባይ ይለዋውጠዋል፤ ለባለጠጋው ሌላ፣ ለመበለቲቱ ሌላ ነው። ያልሰጠውንም በቀልድ ይነካዋል። ይህ ተመልካችን አውቆ መጫወት ይባላል፤ የቴያትር ተማሪዎች በገንዘብ የሚማሩት ትምህርት ነው።

ስለ አዝማሪነቱ የጠየቁንን ለመመለስ ግን ወደ ታሪክ መሄድ አስፈለገን። በአገራችን ቴያትርን በአማርኛ ጽፎ በማሳየት የመጀመሪያ የተባሉት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ የዚሁ የሰሜን ሸዋ ተወላጅ ናቸው። ከአድዋ ጦርነት በኋላ በልጅነታቸው ወደ ሩስያ ሄደው የመድፈኛ ትምህርት ተምረው፣ የአውሮፓን ቴያትር አይተው ተመለሱ። በ1913 ዓ.ም. ገደማም «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜድያ» የተባለውን ጨዋታ ጽፈው በአዲስ አበባ በአንድ ሆቴል ለመኳንንት አሳዩ። በአውሬ ተመስሎ የተነገረው የሹማምንት ነቀፌታ ስለ ሆነ በቤተ መንግሥት አልተወደደም፤ ተከለከለም። ልብ በሉ፤ የተከለከለው ጸያፍ ስለ ሆነ አይደለም፣ እውነት ስለ ነካ ነው።

ከእርሳቸው ቀጥሎ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ አሉ። የልጅቱ ትምህርት ቤት በስማቸው ተጠርቷል። እሳቸው አዝማሪ አልነበሩም፤ በጎጃም በደብረ ኤልያስ ዜማና ቅኔ የተማሩ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነበሩ። በአዲስ አበባ አስተማሪ ሆነው ተውኔቶቻቸውን ያጫወቱት በተማሪዎች ነው። በጥቅምት 1923 ዓ.ም. በዘውዱ በዓል ሰሞን ከዓለም ዙሪያ የመጡ እንግዶች በተሰበሰቡ ጊዜ፣ የትምህርት ቤት ልጆች ቴያትር አሳይተዋል። እንግዲህ የኢትዮጵያ ተማሪ በታላቅ በዓል ላይ መጫወቱ ዛሬ የተጀመረ አይደለም፤ ልዩነቱ ያን ጊዜ ዓለም ወደ እኛ መጣ፣ ዛሬ እኛ ወደ ዓለም እንሂድ መባሉ ነው። ዮፍታሔ ያረፉት በ1939 ዓ.ም. ሲሆን፣ የኤዲንብራ በዓልም የተጀመረው በዚያው ዓመት ነው።

እርግጥ ነው፣ በዚያ ዘመን የሴቱን ክፍል የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ሴት ልጅ መድረክ ላይ ወጣች ማለት ለቤተሰብ ትልቅ ኀፍረት ሆኖ ይቈጠር ነበርና። ወይዘሮ አስናቀች ወርቁን የመሰሉ ሴቶች ይህን ኀፍረት በትዕግሥት ተሸክመው መድረኩን ለኋለኞቹ አቀኑ። በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲያርፉ ክራራቸውና ጨዋታቸው በአገር ሁሉ ተመስግኗል፤ በሕይወት ሳሉ የደረሰባቸውን ስድብ ግን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ለእናትየውም «ልጅዎ የምትገባው በተከፈተ በር ነው፤ በሩን የከፈቱት ሌሎች ናቸው» አልናቸው።

ከአንኮበር የወጣ ሌላም ምሳሌ አለ። ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ በጥቅምት 1925 ዓ.ም. አንኮበር ተወለዱ። ለትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲያጠኑ ነበር። ይሁን እንጂ ጥበቡ አይሎባቸው ሥዕል ተማሩ፤ በአፍሪካ አዳራሽ ያለውን የመስተዋት ሥዕል ያየ ሰው ማዕድኑ ቀረብን ብሎ አያዝንም። አባትየው ይህን ሲሰሙ ቀና አሉ። እኛ ግን እያንዳንዱ ልጅ አፈወርቅ ይሆናል ማለታችን አይደለም፤ እንዲህ ብሎ የሚመክር መካሪ ሐሰተኛ ነው።

በኤዲንብራም ቢሆን የተማሪ ጨዋታ ታናሽ አይደለም። በነሐሴ 1958 ዓ.ም. የኦክስፎርድ ተማሪዎች፣ ገና ስሙ ያልታወቀ ቶም ስቶፓርድ የተባለ ወጣት የጻፈውን ጨዋታ በዚያ አሳዩ። ጨዋታው በሼክስፒር «ሐምሌት» ውስጥ ያሉትን ሁለት ታናናሽ ሰዎች አንሥቶ፣ ታላላቆቹ ሲጣሉ እነዚህ ምን ሆኑ ብሎ የሚጠይቅ ነው። («ሐምሌት»ን ጸጋዬ ገብረ መድኅን በአማርኛ መልሰውልናል፤ ጸጋዬም ቢሆኑ የጀመሩት በአምቦ ትምህርት ቤት በልጅነታቸው በጻፉት ተውኔት ነው።) የመጀመሪያዎቹ ጋዜጦች ጨዋታውን አላመሰገኑትም ነበር። አንድ የእሑድ ጋዜጣ ግን እጅግ አድንቆ ስለ ጻፈ፣ በዓመቱ በለንደን በብሔራዊው ቴያትር ታየ፤ ጸሐፊውም በዓለም ታወቀ። ከእኛም ወገን በ2009 ዓ.ም. ክረምት ሰርከስ አቢሲኒያ የተባሉት የኢትዮጵያ ልጆች በዚሁ በዓል ታይተዋል። መሪዎቹ ቢቢና ቢቹ የተባሉት ወንድማማች በጅማ ያደጉ ናቸው። ኋላም የደራርቱ ቱሉን የባርሴሎና ድል በሰርከስ ጨዋታ አድርገው ወደዚያው ተመልሰዋል።

እናትየው በዚህ መካከል «ቤተ ክርስቲያንን ቴያትር ቤት አደረጉት ያሉት ነገር ግን አልተዋጠልኝም» አሉን። በውነቱ ለእኛም አልተዋጠልንም። በኤዲንብራ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሩት ቴያትር ቤት ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን የነበረ ሕንጻ ነው። በቤተ ክህነትና በሚሲዮን ትምህርት ቤት መካከል ተከፍለን ያደግን ስለ ሆንን፣ ነገሩን ከሁለቱም ወገን ማየት ልማዳችን ነው። በመጀመሪያው ዓመት ካልተጠሩት ስምንት ቡድኖች አንዱ የተጫወተው በአንድ የጥንት ገዳም ውስጥ ነበር፤ ጨዋታውም ሞት መጥቶ አንድን ሰው ሲጠራው፣ ወዳጆቹና ሀብቱ ጥለውት፣ በጎ ሥራው ብቻ አብሮት ወደ መቃብር ሲወርድ የሚያሳይ የጥንት መንፈሳዊ ተውኔት ነው። ይህን ነገር የእኛ ካህን ቢሰማ ስብከት ነው ይላል እንጂ ዘፈን ነው አይልም። ደግሞስ ማኅሌቱ፣ መቋሚያው ሲነሣና ሲወርድ፣ ጸናጽሉ ከከበሮው ጋር ሲገናኝ፣ ወረቡ ከዝግታ ወደ ፍጥነት ሲሸጋገር፣ ይህን ሥርዓት ለመማር መርጌታው ስንት ዓመት ፈጀበት? ጸሎት ነው፤ ቴያትር ነው አንልም። ነገር ግን እግርንና ድምፅን በሥርዓት ማሠልጠን በእኛ ዘንድ እንደ ውርደት የሚታይ ነገር አለመሆኑን ያስረዳል።

የኤዲንብራ ስም ለኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም እንግዳ አይደለም። በመቅደላ ዘመቻ ከተወሰዱት ጽላት አንዱ በዚያች ከተማ በቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ሣጥን ውስጥ ተገኝቶ፣ በ1994 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሷል፤ የአዲስ አበባም ሕዝብ በእልልታ ተቀብሎታል። መቅደላ ደግሞ ምኒልክ በወጣትነታቸው ከሸዋ ተወስደው እስከ 1857 ዓ.ም. የኖሩባት አምባ ናት። ይህንን ስንናገር እናትየው አማተቡ፤ ክርክሩም ለጥቂት ጊዜ ቆመ።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን አንድ ነገር ብንናገር ይቅርታ ይደረግልን። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የዮሴፍን ታሪክ በቴያትር ለማሳየት ተመርጠን፣ ወንድሞቹን የሚመረምረውን የዮሴፍን ክፍል ሁለት ወር ሙሉ ተለማመድን። አባታችን ደብተራ ነበሩ። ከማሳያው ቀን ሦስት ቀን ሲቀረው ሰምተው መጡና «የእኔ ልጅ ፊቱን ተቀብቶ አይቆምም» ብለው ወሰዱን። አልተቈጣንም፤ ያባት ትእዛዝ ነውና። ቃሉ ግን ዛሬም ድረስ ከአእምሮአችን አልጠፋም፤ አንዳንድ ጊዜ መዝገብ ስንገለብጥ ይመጣብናል። ወንድሞቹ ሲያውቁት ዮሴፍ የሚናገረውን ንግግር እስከ ዛሬ ለማንም ሳንናገረው አለን። ይህንን ለጎረቤቶቻችን ስንነግራቸው አባትየው «አባትዎ ቢያዩት ኖሮ ይወዱት ነበር» አሉን። እንጃ።

ወደ ጭንቀቶቹ እንመለስ። የሚሄዱት ሁሉ አይመለሱም የሚለው ፍርሃት ከንቱ ነው ብለን አላሳመንናቸውም፤ በጨዋታ ስም ወጥተው በዚያው የቀሩ እንዳሉ እኛም እናውቃለንና። ይህ ደግሞ በኋላ የሚመጡትን ይጎዳል፤ ቪዛ ሰጪው አንዱን አይቶ ሌላውን ይከለክላል። ስለዚህ ልጅቱን በዚያው ሰዓት በስልክ አስደወልናትና ሁላችን በምንሰማበት እንድትናገር አደረግን። «አባባ፣ እርስዎ በሬ ሽጠው ልከውኝ እኔ ብቀር፣ የሸጡት በሬውን ብቻ አይሆንም» አለች። አባትየው መልስ አልሰጡም፤ ስልኩን ለእናትየው አቀበሉ።

ከዚያም ምን ልትማር እንደምትሄድ ጠየቅናት። ታላላቁን ቴያትር ልታይ የምትመኝ መስሎን ነበር። እርሷ ግን የምትፈልገው ታናናሹን ነው። «እዚህ ጨዋታ ስናስብ ሁልጊዜ አዳራሽ የለም፣ መብራት የለም፣ መጋረጃ የለም እንላለን። እዚያ በምድር ቤት ውስጥ፣ በሁለት መብራት፣ አንድ ሰዓት የሚጫወቱ ሰዎች እንዴት አድርገው እንደሚያደርጉት ማየት እፈልጋለሁ። ስመለስ በጎረቤላ በትምህርት ቤቱ ክፍል፣ ወንበር ዙሪያውን ደርድረን፣ በአራት ሰው እንጫወታለን» አለች። በአገራችን ቴያትር ለማየት አዲስ አበባ መሄድ የግድ ሆኖ ኖሯል፤ የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ከቆመ ወዲህም ታላላቆቹ ቴያትር ቤቶች በዋናው ከተማ ናቸው። ጎረቤላን ለመሰለ ከተማ ግን ታላቅ ሕንጻ ከመጠበቅ ይልቅ እንዲህ ያለው አሠራር ይስማማል። በእኛ አስተያየት ከጉዞው የሚገኘው ዋናው ጥቅም ይህ ነው፤ ወደ ለንደን ብሔራዊ ቴያትር ልካችሁ የምታመጣልንን አታመጣልንም፤ ከዚህ ግን ታመጣለች።

እኛም አንድ ምክር ጨመርንላት። ብዙ ተማሪ እዚያ ደርሶ በቀን አምስት ስድስት ጨዋታ ያይና ሁሉ ይደበላለቅበታል። በቀን ከሁለት አትለፊ፤ ማታ ማታ ሰውየው እንዴት ገባ፣ መብራቱ ከየት መጣ፣ ተመልካቹ በየትኛው ቃል ሳቀ የሚለውን በደብተር ጻፊ፤ መጥፎውንም ጨዋታ እስከ መጨረሻው ተቀምጠሽ እዪ፤ ከመጥፎ ጨዋታ የሚማሩት ብዙ ነው አልናት። ሳቀችብን፤ «ጋሼ፣ እርስዎም ተጫዋች ነበሩ እንዴ?» አለችን። ዝም አልን።

የበሬው ነገር በሌላ መንገድ አለቀ። በሬ መሸጡን እኛ አልደገፍንም፤ የአንድ ክረምት እርሻ ከአንድ ጉዞ አይቀልም። ይሁንና አባትየው ቆርጠው ነበር፤ ሸጡትም። በማግሥቱ አንድ በሬ ብቻ ያለው የታችኛው ሰፈር ጎረቤታቸው መጥቶ «በመቀናጆ እናርሳለን፤ አንድ ቀን ለእኔ፣ አንድ ቀን ለእርስዎ» አለ። እግረ መንገዱን «ልጅቱ ስትመለስ ግን እኔን በጨዋታ እንዳታወጣኝ» ብሎ ተማጠነ። እኛ እንደምናውቀው ሰውዬው በጨዋታ ሊወጣ የሚገባው ነው።

ደብዳቤውን ጻፍን። በ1833 ዓ.ም. ሻምበል ሃሪስ የእንግሊዝን መልእክት ይዞ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ወደ አንኮበር በመጣ ጊዜ፣ ንጉሡ አስተናግደውት፣ ውል ተዋውለውት፣ በሰላም እንደ ተመለሰ በመግቢያው ልናሰፍር አስበን ነበር፤ እርሱ ወደ እኛ መጥቶ አይቶናልና ልጃችንም ሄዳ ብታያቸው ፍርድ ነው ለማለት ነው። ኋላ ግን የቪዛ ጸሐፊ ይህን ለማንበብ ጊዜ አይኖረውም ብለን ተውነው። በሦስት አንቀጽ፣ አባትየው ማን እንደ ሆኑ፣ ምን ያህል ገንዘብ እንዳዘጋጁ፣ ልጅቱም በመስከረም ወደ ትምህርቷ የምትመለስ መሆኗን ብቻ ጻፍን። አባትየው ፈረሙ፤ ፊርማቸው ከእኛ ያምራል።

ልንነሣ ስንል እናትየው ወረቀቱን አስቀምጠን እንድንጨምርበት ጠየቁን። «ዝናብ ላይ ቆማ ወረቀት እንዳታድል ብለው ይጻፉበት፤ ጋቢ ትልበስ» አሉ። ይህ ለቪዛ የሚጻፍ ደብዳቤ መሆኑን ብንነግራቸውም አልተቀበሉንም፤ በሌላ ወረቀት ለልጅቱ ጻፍንላቸው። የፍልሰታውንም ነገር ራሳቸው ቆርጠውታል፤ በሶና ሽሮ ይዛ ትሄዳለች።

የቪዛው መልስ እስከ ሰኔ መጨረሻ ይታወቃል ተብሏል። ባለፈው ቅዳሜ በደጃቸው ስናልፍ የተቈላ ገብስ ሽታ መንገዱን ሞልቶት ነበር። እናትየው ከወፍጮ ሲመለሱ አግኝተን «ገና ፈቃዱ ሳይመጣ?» ብንላቸው፣ «ፈቃዱ ቢዘገይ በሶ አይበላሽም» ብለውን ገቡ።